ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር ስንት ኪሎሜትር ነው፣ ስንት ሰዓትስ ይፈጃል? ራሳችሁ የምታሰሉበት መንገድ

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተን አጠገብ፣ የመጣችው ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ነው። እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ "ማታ አራት ሰዓት ከሩብ ተነስታለች፣ አስራ ሰባት ሰዓት ነው የሚፈጀው" አለችኝ፣ እኔም በጣቴ ቆጥሬ፣ የሰዓት ልዩነት ብዬ ሰባት ቀንሼ፣ ለኢሚግሬሽን ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ጨምሬ በቃ ጨረስኩ ብዬ ተኛሁ። የአሜሪካ ሰዓት የዛኑ ሳምንት እሁድ ተቀይሮ ልዩነቱ ስምንት መሆኑን ግን አላሰብኩም። ኤርፖርት ስደርስ እማዬ ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ፣ ሁለት ሻንጣ አጠገቧ አቁማ፣ ሲም የሌለው ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ በሩን በሩን ታያለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆማለች። "ልጄ አንድ ነገር ሆኖ ነው ብዬ" ስትለኝ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዛ ቀን ወዲህ ዘመድ ሲመጣም ሲሄድም ሂሳቡን ራሴ ቁጭ ብዬ ነው የምሰራው፣ ጓደኞቼም እየደወሉ ስለሚጠይቁኝ እንዴት እንደማሰላው እዚህ ልጻፈው። ምሳሌዬ የአዲስ አበባና የዋሽንግተን መስመር ነው፣ ዘዴው ግን ለቴላቪቭም ለዱባይም ለፍራንክፈርትም ያው ነው።

በመጀመሪያ ሰው የሚያደባልቃቸውን ሶስት ነገሮች ለዩ። አንዱ ርቀቱ ነው፣ በኪሎሜትር። ሁለተኛው አውሮፕላኑ መንገድ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሶስተኛው የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት። እነዚህን አንድ ላይ ካቦካችኋቸው "ማታ ተነስታ ጠዋት ትደርሳለች፣ ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትበረው" ምናምን የሚል ሂሳብ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ሰው እንደዛ ሲል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ርቀቱን በክር መለካት

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት በአየር ቀጥታ 11,560 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ በማይል 7,185 ገደማ። (ስሙን በደንብ ያዙት፣ በአማርኛ ስንጠራው "ዳላስ" እየሆነ ከቴክሳሱ ዳላስ ጋር ይምታታል፣ በሁለቱ መሀል ደግሞ 1,900 ኪሎሜትር ገደማ አለ። ትኬት ስትገዙ የኤርፖርቱን ኮድ እዩ፣ የዋሽንግተኑ አይ ኤ ዲ ነው፣ የቴክሳሱ ዲ ኤፍ ደብሊው።)

ይህን ቁጥር ከኢንተርኔት ማግኘት ቀላል ነው፣ ጎግል ማፕ ላይ በኮምፒውተር ገብታችሁ አንዱን ከተማ በቀኝ ክሊክ ስትጫኑት ርቀት መለኪያ የሚል ይመጣል፣ ሌላኛውን ከተማ ስትነኩት ቁጥሩን ይሰጣችኋል። ግን ልጆች ካሏችሁ አንድ ጊዜ በእጃችሁ ብትለኩት ደስ ይላል፣ እኔ ከልጄ ጋር ሰርቼዋለሁ። የትምህርት ቤት ግሎብ ትፈልጋላችሁ፣ ማለት ክቡን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ካርታ አይደለም። ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲም የሆነ ግሎብ ዙሪያው 94 ሳንቲም አካባቢ ነው፣ የመሬት ዙሪያ ደግሞ 40,000 ኪሎሜትር ስለሆነ አንድ ሳንቲም ክር ማለት 425 ኪሎሜትር ማለት ነው። ክሩን አዲስ አበባ ላይ በአውራ ጣት ያዙትና ዋሽንግተን ላይ ሳብ አድርጉት፣ 27 ሳንቲም ትንሽ አለፍ ይላል። በ425 አባዙት፣ ቁጥሩ ይመጣል።

አሁን ክሩ የት የት እንደሚያልፍ እዩ። ግድግዳ ላይ ባለው ካርታ ብናሰምረው መስመሩ ቻድን ምናምን አቋርጦ በምዕራብ አፍሪካ በኩል ወደ አትላንቲክ ይወጣ ነበር፣ በግሎቡ ላይ የተወጠረው ክር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሳና በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ፣ በስፔን አድርጎ ነው አትላንቲክን የሚሻገረው። አጭሩ መንገድ ይሄ ነው፣ መሬት ክብ ስለሆነች። ካርታው ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲዘረጋ ሰሜኑና ደቡቡ ስለተለጠጠ ነው ዓይናችንን የሚያታልለን። እማዬ መቀመጫዋ ላይ ባለው ስክሪን አውሮፕላኗ ወደ አውሮፓ ስትታጠፍ አይታ "መንገድ ስተው ነው እንዴ" ብላ አጠገቧ ያለውን ልጅ ጠይቃዋለች፣ ያኔ የሚያስረዳት ብታገኝ ጥሩ ነበር።

እውነተኛው በረራ ግን ከክሩ ጋር ልክ ልኩን አይሄድም። አየር ክልል ይዘጋል፣ ማዕበል ይኖራል። በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ የሱዳን ሰማይ ለመንገደኛ በረራ ተዘግቶ ነበር፣ ያኔ ከእኛ ወደ ሰሜን የሚሄደው ሁሉ ዞሮ መሄድ ግዴታው ሆነ። ስለዚህ ክሩ የሚሰጣችሁ ትንሹን ርቀት ነው፣ ከዛ በላይ እንጂ ከዛ በታች አይሆንም።

ከኪሎሜትር ወደ ሰዓት

ትልልቆቹ ጄቶች ሰማይ ላይ ከወጡ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎሜትር አካባቢ ነው የሚበሩት። ግን በ900 ብቻ ካካፈላችሁ ሁልጊዜ ያጥርባችኋል፣ ምክንያቱም ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነስቶ ሌላኛው ኤርፖርት ላይ እስኪቆም ነው፣ መሬት ለመሬት መንዳቱ፣ ተራ መጠበቁ፣ መውጣትና መውረዱ ሁሉ አለበት። እኔ የምጠቀመው እንዲህ ነው፣ ኪሎሜትሩን ለ850 አካፍሉ፣ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ፣ መንገዱ ዞር የሚልበት አቅጣጫ ከሆነ ሌላ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ቴላቪቭ 2,590 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ለ850 ሲካፈል ሶስት ሰዓት፣ ሲጨመርበት ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል፣ እውነትም አራት ሰዓት ገደማ ነው። ዱባይ 2,500 ኪሎሜትር ገደማ፣ እሱም እንደዛው አራት ሰዓት አካባቢ። ፍራንክፈርት 5,350 ገደማ፣ ሰባት ሰዓትና ትንሽ።

ለአገር ውስጥ በረራ ይህ ሂሳብ አይሰራም። ባህር ዳር በአየር 330 ኪሎሜትር ገደማ ብትሆንም ትኬቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚለው፣ ምክንያቱም አውሮፕላኑ ብዙ ጊዜ ባለ ፕሮፔለሩ ነው፣ ከጄቱ ይዘገያል፣ ደግሞ ገና ወጣ ከማለቱ መውረድ ይጀምራል።

አሁን ወደ ዋሽንግተኑ እንምጣ፣ ሰው በጣም የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ 13 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ያለ ማቋረጥ። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ግን 16 እና 17 ሰዓት ይሆናል። ያው መንገድ፣ ያው ኪሎሜትር፣ ለምን?

አንደኛው ምክንያት ነፋስ ነው። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፣ ጄት ስትሪም ይሉታል፣ በክረምታቸው ጊዜ በሰዓት ከ160 ኪሎሜትር በላይ ይሄዳል። ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ከጀርባ ይገፋችኋል፣ ወደ አሜሪካ ስትመጡ ፊት ለፊት ይጋፋችኋል።

ሁለተኛውና ትልቁ ምክንያት ግን ቦሌ ራሷ ናት። ቦሌ ኤርፖርት ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው፣ ደለስ መቶ ሜትር እንኳን አይሞላም። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው፣ አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚያገኘው ድጋፍም ሞተሩ የሚያወጣው ጉልበትም ይቀንሳል፣ ስለዚህ አውሮፕላኑ ተሸክሞት ሊነሳ የሚችለው ክብደት ይወርዳል። ለ13፣ 14 ሰዓት የሚበቃ ነዳጅ ደግሞ በጣም ከባድ ነው። ሰውንና ሻንጣውን ጭኖ ያን ሁሉ ነዳጅ ደርቦ ከቦሌ መነሳት ስለሚከብደው ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ለዓመታት ይህ ቦታ አየርላንድ ውስጥ ያለችው ደብሊን ነበረች፣ ቦታው በየጊዜው ስለሚቀየር የእናንተን ትኬት እዩ። ከደለስ ሲነሳ ግን አየሩ ወፍራም ነው፣ ታንኩን ሞልቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለ አገራችን ከፍታ ትምህርት ቤት የተማርነው ነገር ትኬት ላይ ሰዓት ሆኖ መጥቶ ሲቀመጥ ሳይ ሁሌም ይደንቀኛል።

ደብሊን ሩቅ ዙር ይመስላል አይደል፣ ግን ክሩን ከአዲስ አበባ ደብሊን፣ ከደብሊን ዋሽንግተን ብትወጥሩት 6,365 እና 5,465 ነው፣ ድምሩ 11,830። ከቀጥታው የሚበልጠው በ270 ኪሎሜትር ብቻ ነው፣ በጄት ሃያ ደቂቃ የማይሞላ። ጊዜውን የሚበላው ዙሩ አይደለም፣ መውረዱ፣ ነዳጅ መቅዳቱና እንደገና መነሳቱ ነው።

ይሄን ማወቁ አንድ ጥቅም አለው። የበረራ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ እየተከታተላችሁ ሳለ ድንገት "አርፏል" ሊላችሁ ይችላል፣ ሰው ደንግጦ መኪና አስነስቶ የሄደ አውቃለሁ፣ አውሮፕላኑ ያረፈው ነዳጅ ሊቀዳ ነው፣ ገና ሰባት ስምንት ሰዓት ይቀረዋል። ተሳፋሪዎቹም ብዙ ጊዜ ከአውሮፕላኑ አይወርዱም። ለእናቶች ይሄን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ "መሀል ላይ ሲቆም ደርሰናል ብለሽ እንዳትነሺ፣ ተቀመጪ" በሏቸው።

የሰዓት ልዩነት

ትኬት ላይ ያለው የመነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ ሰዓት ነው፣ የመድረሻውም የመድረሻው ከተማ። ይህ ማለት ትኬቱ በእጃችሁ ካለ ምንም መደመር መቀነስ የለባችሁም፣ የመድረሻውን ሰዓት አይታችሁ መሄድ ብቻ። እኔ የተሳሳትኩት ትኬቱን ላኩልኝ ሳልል በስልክ የሰማሁትን ይዤ ስላሰላሁ ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ የትኬቱን ፎቶ በቴሌግራም አስልኩ ነው።

ማስላት ግድ ከሆነ በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩ ቲ ሲ በሚባለው) በኩል አድርጉት፣ አቋራጩ ያሳስታል። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ትቀድማለች፣ ዓመቱን ሙሉ አትቀይርም። ዋሽንግተን በክረምት በ5፣ በበጋ በ4 ወደ ኋላ ናት (ክረምትና በጋ የምለው የእነሱን ነው፣ ክረምታቸው ብርዱ ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለው ነው)። ለምሳሌ ከቦሌ 22:15 ተነሳች እንበል። ሶስት ቀንሱ፣ 19:15። አስራ ሰባት ሰዓት ጨምሩ፣ በማግስቱ 12:15። ክረምት ከሆነ አምስት ቀንሱ፣ 07:15 ትደርሳለች፣ በጋ ከሆነ አራት፣ 08:15። ለመመለሻው ደግሞ ከደለስ በክረምት 11:00 ተነሳች እንበል፣ አምስት ጨምሩ 16:00፣ አስራ ሶስት ሰዓት በረራ ሲጨመር በማግስቱ 05:00፣ ሶስት ጨምሩ፣ አዲስ አበባ ጠዋት 08:00፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት።

የአሜሪካ ሰዓት የሚቀየረው በማርች ሁለተኛ እሁድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ነው፣ በ2026 ማርች 8 እና ኖቬምበር 1። አውሮፓ ደግሞ በማርች የመጨረሻ እሁድና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ነው የሚቀይረው፣ እስራኤል በማርች ከመጨረሻው እሁድ በፊት ባለው አርብ ትጀምርና ኦክቶበር ላይ ከአውሮፓ ጋር ትጨርሳለች። ዱባይ አትቀይርም፣ ሁሌም ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ቴላቪቭ ያላችሁ በበጋ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ሰዓት ናችሁ፣ በክረምት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ።

የሐበሻ ሰዓትና የሌሊቱ በረራ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው፣ በረራ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ትኬት ላይ ያለው በ24 ሰዓት የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እናት አባቶቻችን ደግሞ ቀኑን ከጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ነው የሚጀምሩት። መቀየሩ ቀላል ነው፣ ከ06:00 እስከ 18:00 ያለው ላይ ስድስት ቀንሱ፣ ከ18:00 በኋላ ያለው ላይ አስራ ስምንት ቀንሱ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ 06:00 ያለው ላይ ስድስት ጨምሩ (ዜሮ ከመጣ አስራ ሁለት ማለት ነው)። 10:15 ማለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ነው፣ 22:15 ደግሞ ከምሽቱ አራት ሰዓት ከሩብ። እዩት፣ ሁለቱም "አራት ሰዓት ከሩብ" ናቸው፣ ስለዚህ ለሽማግሌ ሰው በስልክ ስትነግሩ "ጠዋት" ወይም "ማታ" ሳትሉ አትዝጉ።

ከዚህ የከፋው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳው በረራ ነው። ትኬቱ ጃንዋሪ 7፣ 00:40 ይላል እንበል። በፈረንጁ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ስለተቀየረ ጃንዋሪ 7 ነው። ይህ ጃንዋሪ 7 በእኛ ታህሳስ 29፣ 2018 ነው፣ ረቡዕ፣ ገና። አክስታችሁ "የገና ለት ሌሊት ስድስት ሰዓት ከአርባ" ስትባል ምን ትረዳለች? ገናን በቤቷ ውላ፣ ዶሮውን በልታ፣ ማታ ወደ ኤርፖርት የምትሄድ ነው የሚመስላት። አውሮፕላኑ ግን የሄደው ከዚያ በፊት ባለው ሌሊት ነው፣ ማክሰኞ ታህሳስ 28 ማታ ሰው ለቅዳሴ ነጠላውን ሲያዘጋጅ እሷ ቦሌ መሆን ነበረባት። ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ነው የምትዘገየው። እኛ ቤት ይህ ደርሶ ያውቃል፣ አክስቴ በማግስቱ ማታ ሻንጣዋን እየገፋች ስትሄድ "እትዬ፣ የእርስዎ በረራ ትላንት ሄዷል" ነው የተባለችው፣ አዲስ ትኬት ለመግዛት ሶስታችን ተዋጥተን ነው።

ስለዚህ ከ00:00 እስከ 05:59 ባለው ሰዓት የሚነሳ ትኬት ካያችሁ ቀኑን አንድ ወደ ኋላ ወስዳችሁ ተናገሩ። "ረቡዕ ሌሊት" አትበሉ። "ማክሰኞ ማታ እራት በልተሽ ሶስት ሰዓት ላይ ከቤት ትወጫለሽ" በሉ። የሚነሳበትን ሳይሆን ከቤት የሚወጣበትን ሰዓት መንገር ነው የሚሻለው፣ ለውጭ አገር በረራ ሶስት ሰዓት ቀድሞ ቦሌ መድረስ ያስፈልጋል፣ የቤቱን ርቀትና የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ለተቀባይም እንደዚሁ ነው፣ የሚያርፍበት ሰዓት ሰውየው በበሩ የሚወጣበት ሰዓት አይደለም። ፓስፖርት አለ፣ ሻንጣ አለ፣ ሻንጣ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ካለ ጥያቄ አለ። አንዳንዱ በአርባ ደቂቃ ይወጣል፣ አንዳንዱ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። እኔ አሁን የምሄደው አውሮፕላኑ ባረፈ በሰላሳ ደቂቃ ውስጥ እዚያ እንድገኝ አድርጌ ነው፣ የቀረውን ቆሜ እጠብቃለሁ፣ እነሱ ከሚጠብቁ።

መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ ሰው ካለ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚቆጠረው በእጅ ሰዓት ሳይሆን ባለፈው ጊዜ ነው፣ አስራ ሰባት ሰዓት በረራ ላይ የእጅ ሰዓቱ ያለፈው ዘጠኝ ወይም አስር ብቻ ይመስላል። ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ትኬቱን ይዛችሁ ሐኪሙን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ መድኃኒቱም የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁን፣ ከታች የሚጫነው ውስጥ አትክተቱት።

እማዬ ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ እህቴ በወፍራም ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከፓስፖርቷ ጋር አስገብታላት ነበር፣ እኔ በቴሌግራም ልኬላት የገለበጠችው ነው። እንዲህ ይላል፦ "ማክሰኞ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ከቤት መውጣት። ማታ 4 ሰዓት ከሩብ አውሮፕላኑ ይነሳል። መሀል ላይ ይቆማል፣ አትውረጂ። ዋሽንግተን ስትደርሺ በእነሱ ረቡዕ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ነው፣ በእኛ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ከሩብ። ልጅሽ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል።" ከስሩ ስልክ ቁጥሬና የቤቴ አድራሻ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፣ ኢሚግሬሽን ላይ ሲጠይቋት ያወጣችው እሱኑ ነው።

ያን ቀን 07:05 አረፈች፣ እኔ 07:20 በሩ ላይ ነበርኩ።